ግንቡ በወደቀበት ቦታ ካብ መካብ፦ ከጣና ዳር አንድ የጉዳይ ጥናት

ግንቡ የወደቀው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ለጸሎት የመጡ ምእመናን የሰሜኑ ቅጥር 18 ሜትር ያህሉ ወደ ውስጥ ተዘርሮ አገኙት። ጥቂት የዋንዛ ችግኞች ከሥሩ ተጨፍልቀዋል። ሰው አልተጎዳም። ግንቡ ገና ሦስተኛ ክረምቱ ነበር።

ቦታው ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ወጥቶ፣ ዘንዘልማን አለፍ ብሎ፣ ወደ ጣና በኩል የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጽፍም። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች «ስማችንን ተወው፣ ቅጥሩን ጻፈው» ብለውኛል። እኔ የተጠራሁት ከአባላቱ አንዱ የሩቅ ዘመዴ ስለሆነ ነው። እንጀራዬ ከግንባታ ጋር መሆኑን ያውቃል። «መጥተህ እይልንና ማን እንዳጠፋ ንገረን» አለኝ።

ማን እንዳጠፋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ከወደቀው ግንብ ጫፍ ተነስቶ በምዕራብ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወርድ አሮጌ ካብ አለ። ሲሚንቶ የለውም፣ ጭቃ የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመ ነው። መቼ እንደተካበ የሚያስታውስ ሰው በቀበሌው የለም። አንዳንድ ቦታ ሆዱ ወጣ ብሏል፣ አንዳንድ ቦታ ክዳኑ ጎድሏል። ግን ቆሟል። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ተዳፋቱ ያው። ሲሚንቶው ሲዘረር ይሄ ለምን ቆመ? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅጥሩ ለምን አስፈለገ

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለግርማ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር አገር በቀል ደን ማየት የፈለገ ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለበት። ሌላው አብዛኛው ታርሷል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞረው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። በኋላም ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ቅጥር እንዲያጥሩ ሲያግዙ ቆይተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትልልቆቹን ዛፎች ማንም አይነካቸውም፤ የታቦቱ ናቸው። ከብቱ ግን ይህን አያውቅም። ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል። ሽማግሌው ዛፍ ወራሽ ሳያገኝ ይሞታል። ቅጥሩ ከብቱን ያስቆማል። ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ማሳው ይጸዳል።

እኛ ጋም ነገሩ ያው ነው። ደኑ ትንሽ ነው፤ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላ፣ ዶቅማ አለበት። በሰሜን በኩል ድሮ የነበረው የእሾህ አጥር ነው። ሰኔ ገብቶ ማሳው ሁሉ ሲዘራ ለከብት መዋያ ይጠፋል። የዚያን ጊዜ የእሾህ አጥር ላንድ በሬ ምኑም አይደለም። ስለዚህ ከቀበሌው ወጥተው ከተማና ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ገንዘብ አዋጡና «ዘመናዊ» ግንብ ይሠራ አሉ። ሁለት ሜትር ከፍታ፣ 64 ሜትር ርዝመት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ፣ መጋጠሚያው በማልታ (ድንጋይ በሚያያይዝ የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ) የተቀባ። ከመንገድ ሲታይ ያምራል። ፎቶው በቴሌግራም ዞረ፤ ሁሉም ተደሰተ።

ምን ጣለው

አፈሩ ዋልካ ነው። ይህን አፈር ያረሰ ሰው ጠባዩን ያውቃል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ መጋቢት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛለህ። ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ማበጥ ብቻ ሳይሆን በላዩ ያለውን ሁሉ ያነሳል። በጋ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ያወርዳል። ባሕር ዳርና አካባቢዋ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ መሬቱ በየዓመቱ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይወርዳል።

ችግሩ እኩል አለመነሳቱ ነው። በግንቡ ውጭ በኩል ማሳ አለ፤ ውሃው እዚያ ይተኛል። በውስጥ በኩል ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ሥራቸው እርጥበቱን ይመጠዋል። በአንድ በኩል አፈሩ ያብጣል፣ በሌላው በኩል ደርቆ ይኮማተራል። በመካከል የቆመው ግንብ ወደ ዛፎቹ ያዘነብላል። ሳይወድቅ በቀረው የግንቡ ክፍል ላይ ስንጥቆቹ ከላይ ሰፍተው ከታች እየጠበቡ ይወርዱ ነበር። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲታይ መሬቱ ከመሃል ተነስቷል ወይም ጫፎቹ ወርደዋል ማለት ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ አንዴ ከተያያዘ መታጠፍ አይችልም፤ መሰንጠቅ ብቻ ነው የሚችለው። መሠረቱም 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ያውም እዚያው ዋልካው ውስጥ።

ይህ ብቻውን ግንቡን በሦስት ዓመት አይጥለውም ነበር። የገፋው ውሃ ነው። ግንበኛው አንድም የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አልተወም። 64 ሜትር ግድብ ሠራ ማለት ነው። ግማሽ ሜትር ውሃ ከግድግዳ ጀርባ ሲጠራቀም በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 125 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ውሃው አንድ ሜትር ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አራት እጥፍ ነው፣ 500 ኪሎ። ከላይ የተሰነጠቀ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ግንብ ይህን አይችልም።

አሮጌው ካብስ? እሱ ውሃ አይገድብም። በየድንጋዩ መሃል ያልፋል። መሬቱ ሲያነሳው ድንጋዮቹ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ፣ እንደገና ይቀመጣሉ። የሚሰነጠቅ ነገር የለውም፤ ሲጀመር አልተጣበቀምና። ሆዱ ወጣ ያለበት ቦታም ለዓመታት እንደዚያው ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ከግንቡ በላይ ያለው ማሳ ፈሰሱ በሙሉ ወደ ግንቡ ነው የወረደው። ገበሬው ውሃ ከማሳው እንዲወጣለት በማረሻ የሚያወጣውን ቦይ ነው የምለው። ሁሉም ፈሰስ ተሰብስቦ በትክክል ግንቡ የወደቀበት ቦታ ላይ ያርፋል። ሰዎቹ ለሳምንታት ግንበኛውን ሲረግሙ ከርመዋል። ግንበኛው ያጠፋው ቢኖርም፣ ፈሰሱ እስካልተመለሰ ድረስ ብረት ያለው ግንብ ቢሠራም ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ደጀ ሰላሙ ውስጥ

ስብሰባው ረጅም ነበር። ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ግንቡ በኮንክሪት ምሰሶ ተጠናክሮ እንደገና ይሠራ የሚል ነው። ከከተማ የመጣው ኮንትራክተር ያቀረበውን ዋጋ ምእመናኑ ሲሰሙ ዝም አሉ። ሁለተኛው የሽቦ አጥር ነው። ቄሰ ገበዙ «ሽቦው እስከ ጥምቀት አይቆይም፤ ለበግ ጉረኖ ይወሰዳል» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ሦስተኛው ካብ ነው።

ካቡን የተቃወሙት ገንዘብ የላኩት ልጆች ናቸው፤ በስልክ። ምክንያታቸውን አልንቅም። ካብ ማለት ለነሱ ያደጉበት ድህነት ነው። «እናንተ ወደፊት እንድትሄዱ ስንል እናንተ ወደ ኋላ» አለ አንዱ። አንድ እናት ደግሞ እባብ ፈሩ። እውነታቸውን ነው። ክፍተት ባለበት እባብ ይገባል፤ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የዚያን ቀን ግን ካብ ለካብ ሲተያዩ የዋሉት ሰዎቹ ነበሩ።

ካብ የድሃ ግንብ ነው የሚለው ነገር እኔን ያናድደኛል። ትግራይ ውስጥ የሐ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ 2,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የተጠረበው ድንጋይ ያለ ማልታ ተጋጥሞ ዛሬም ወደ 14 ሜትር ከፍታ ቆሟል። የኮንሶ የእርከን ካቦች አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳሉ። ኮንሶዎች ከ20 ትውልድ በላይ ሲክቡትና ሲጠግኑት ኖረዋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ታላቋ ዚምባብዌ የምትባለው ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ ግድግዳ 11 ሜትር ይደርሳል፤ ያለ አንድ ጭልፋ ማልታ። አውሮፓውያኑም አልናቁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮኤሺያ፣ ቆጵሮስ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬኒያ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ የካብ ጥበባቸውን ባንድነት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስገብተዋል። በ2024 አየርላንድን ጨምሮ ሌሎች አምስት አገሮች ተቀላቀሏቸው። ይህን በስብሰባው ላይ ስናገር ልጆቹ ጸጥ አሉ። ጣሊያን የሚለው ስም ሳይሠራ አልቀረም።

እርግጥ ሲሚንቶም ኖራም ቦታ አላቸው። ጢስ አባይ ወደ ፏፏቴው ሲኬድ የሚታለፈው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በኖራ የተገነባ ነው። ወንዝ ላይ ቅስት የሚሠራ ሰው ማያያዣ ያስፈልገዋል። ከብት የሚያስቆም ቅጥር ግን ድልድይ አይደለም።

በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት የሰበካው ሊቀ መንበር ናቸው። በሩና የበሩ ምሰሶዎች ከነሲሚንቷቸው ይቆያሉ፤ የልጆቹ ስም የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የቀረው ይፈርሳል፣ በካብ ይተካል። ልጆቹ ቀሪውን ገንዘብ ለምግብና ለመሣሪያ ያውሉታል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተከፋ፤ ሁሉም ተስማማ።

አሠራሩ

ቁመቱ 1.40 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ከሥር 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከላይ 45። ይህ ማለት በየሜትሩ ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ድንጋይ ነው። ለ64 ሜትር ወደ 100 ቶን ሊጠጋ ነው። ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል፤ የጣና ደቡብ ዳርቻ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ግን ከማሳ መልቀም፣ መሸከም፣ መደርደር ሌላ ነገር ነው። ሥራው በጥር ተጀመረ። ሰብል ገብቷል፣ ሰው እጁ ላይ ጊዜ አለ። በየጎጡ ደቦ ተወጣ። ትልልቁ ድንጋይ በባሬላ፣ ትንንሹ በአህያ ጀርባ ተጋዘ። ቄሰ ገበዙ የማይታረስባቸውን ትንንሽ በዓላት ለዚህ ፈቀዱ፤ «ለታቦቱ ነው» ብለው።

አንዲት አሮጊት ከማሳቸው ትልልቁን ብቻ እንዲወስዱ ፈቀዱ። ትንንሹ ድንጋይ መሬቱን ያረጥባል አሉ። ብዙ ገበሬዎች ይህን ያምናሉ፤ ትክክልም ናቸው። በድንጋይ የተሸፈነ አፈር ፀሐይ ቶሎ አያደርቀውም።

ሥራውን የመሩት ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰው ናቸው። በቀበሌው ሁሉም «አያ» ነው የሚላቸው። የእርከን፣ የአውድማና የበረት ካብ ሲክቡ ነው የኖሩት። አብረዋቸው የቆሙት ወጣቶች ደግሞ ባሕር ዳር ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የከረሙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ወጣቶቹ በመዶሻ ድንጋዩን ሁሉ ሊጠርቡ ፈለጉ። አያ ከለከሏቸው። ካብ የሚክብ ሰው መዶሻ ከበዛበት መምረጥ አልቻለም ማለት ነው፤ ለያንዳንዱ ቦታ የሚሆን ድንጋይ ክምሩ ውስጥ አለ።

ጎናቸው ቆሜ ሲሠሩ ተመልክቻለሁ። ከመጀመራቸው በፊት ድንጋዩን አስለዩ። ለመሠረት የሚሆነው ጋን የሚያህለው አንድ ቦታ፣ ረጃጅሙ ሌላ ቦታ፣ ጠፍጣፋው ለክዳን፣ ጠጠሩ ለሆድ። ከዚያ ቆመው ካቡን አዩ። ክምሩን አዩ። አንድ ድንጋይ አነሱ። አልመለሱትም። ይህ ቀላል ይመስላል። ወጣቱ አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ ሞክሮ፣ ጥሎ፣ ሌላ አንስቶ እስኪደክመው ሲዞር እሳቸው አስር አስቀምጠዋል።

ድንጋዩን ሲያስቀምጡ ረጅሙን ጎን ወደ ካቡ ውስጥ ያስገባሉ። ልምድ የሌለው ሰው ረጅሙን ጎን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ያምራል፣ ቶሎም ያስኬዳል። ግን እንዲህ የተቀመጠ ድንጋይ የያዘው ነገር ስለሌለ አንድ በሬ ሲታከክበት ይወጣል። ቀጥሎ መዳፋቸውን በድንጋዩ ማዕዘን ላይ ጫን፣ በሌላው ማዕዘን ጫን ያደርጋሉ። ከተነቃነቀ ውሻል ያስገባሉ፤ የጣት ያህል ስስ ድንጋይ። የሚያስገቡት ግን ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው። ከፊት የገባ ውሻል መሬቱ ሲነሳና ሲወርድ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ እሱ ሲወድቅ የላዩ ድንጋይ ይላላል። ከጀርባ የገባው ግን በሆዱ ሙሌት ታፍኖ ይቀራል።

መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አያሳልፉም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ሁለት ይረግጣል። ካቡ ከሁለቱም በኩል ፊት ስላለው መሃሉ ባዶ ይሆናል። ያ ነው ሆድ የሚባለው። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ጠጠር በእጅ ይደረደራል እንጂ በአካፋ አይጣልም። አፈር ፈጽሞ አይገባም፤ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ፊቱን ይገፋል። ከጉልበት በላይ ሲደርስ በየሜትሩ አንድ ረጅም ድንጋይ ከወዲህ እስከ ወዲያ ይሻገራል። ማሰሪያ ነው። ሁለቱን ፊት አንድ የሚያደርገው እሱ ነው።

የወደቀው ግንብ ድንጋይም ሥራ አገኘ። ማልታ የተጣበቀበት ስለሆነ ለፊት አይሆንም፤ ለሆድ ግን በቂ ነው።

ካቡ ወደ ላይ ሲሄድ ሁለቱም ፊቶች ወደ መሃል ዘንበል እያሉ ይጠባሉ። ወጣቶቹ ይህን ለማስተካከል ሁለት ጫፍ ላይ የእንጨት ልክ አቁመው ስፓጎ ወጠሩ። አያ ስፓጎውን ትንሽ ናቁት፤ የሳቸው ዓይን ይበቃቸዋል። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን የወጣቶቹ ክፍል ከሳቸው ይበልጥ ቀጥ ብሎ ሲታይ ራሳቸው መጥተው «እስቲ ያንን ክር ወደዚህ አምጡት» አሉ። ሳቅ ሆነ።

የኔ ድርሻ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ካቡ ከሲሚንቶው የበር ምሰሶ ጋር እንዳይያያዝ ማድረግ ነው። አንዱ የሚንቀሳቀስ፣ አንዱ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያያዙ ይጎዳዳሉ። በመካከላቸው ጣት የማታስገባ ክፍተት ተተወች። ሁለተኛው ዝቅ ባለው ቦታ ላይ የውሃ መውጫ ነው። ካቡ ውሃ ያሳልፋል፤ ግን ፈሰስ የሚያመጣው ጭቃና ገለባ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ስለዚህ ከሥር አንድ ክንድ የሚሆን በር ተተወለት፤ ጠቦት እንዳይገባበት በእንጨት ተጋረደ።

ከሁሉም የከበደው ፈሰሱን ማስመለስ ነበር። የማሳው ባለቤት «አባቴም እንዲህ ነው ያረሰው» አለ። ሽማግሌ ገባ። እሱ ፈሰሱን ወደ ጎን፣ ወደ ድሮው ጅረት ሊመልስ፣ ደቦው ደግሞ የማሳውን ድንጋይ አስቀድሞ ሊያጸዳለት ተስማሙ። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ይህ ነው፤ በፎቶ ላይ ግን አይታይም።

ከአንድ ክረምት በኋላ

ካቡ የመጀመሪያ ክረምቱን ጨረሰ። አልወደቀም። ሦስት ሜትር የሚሆን ቦታ ግን ሆዱ ወጣ። እዚያ የሠሩት የመጨረሻው ቀን ላይ ለመጨረስ ሲቻኮሉ ሆዱን በአካፋ የሞሉት ልጆች ናቸው። አያ ሳይነገራቸው አወቁ። በመስከረም ሦስት ሰው ሆኖ አፈረሱት፣ መልሰው ካቡት። እስከ ምሳ አለቀ። ያንኑ ጥገና በሲሚንቶ ቢሆን ከከተማ ግንበኛ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ገንዘብ ማዋጣት ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሰው ካብ የሚረክሰው ሲሚንቶ ስለማይገዛ ነው ይላል። እኔ እንደገባኝ ትልቁ ቅናሽ ጥገናው ላይ ነው። ካብ መፍረሱ አይቀርም፤ ግን ያፈረሰውን የሚክበው እዚያው ያለ ሰው ነው።

ችግር የለም ማለት አይደለም። የክዳን ድንጋይ ጠፍቷል፤ አንድ ሰው ምድጃ ሊሠራበት ወስዶታል ይባላል። ልጆች ይዘሉበታል፤ በዘለሉ ቁጥር ክዳኑ ይላላል። አይጥ ገብቷል፤ ከአጠገቡ ያለው የጤፍ ማሳ ባለቤት ተማርሯል። አይጡን ለመያዝ ድንጋይ እየነቀለ ሲፈልግ ተይዞ ተገስጿል። እባብን በተመለከተ እስካሁን ያየ የለም። የፈሩት እናት ግን አሁንም በዚያ በኩል አያልፉም።

ከብት አልገባም። ከሰሜኑ ካብ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ብርብራና ዶቅማ ራሳቸውን ችለው በቅለዋል። ማንም አልተከላቸውም። ይኖራሉ አይኖሩም ለማለት ገና ነው፤ በጋው አላለፈባቸውም።

ሰበካ ጉባኤው አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል። ካቡን ለየጎጡ በሜትር አከፋፍሎታል። ከመስቀል በኋላ እያንዳንዱ ጎጥ ድርሻውን ያያል፣ የላላውን ይጠግናል። ወረቀቱ ደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከአያ ጋር ቆሞ የሚማር ሰው እንዲመደብም ተወስኗል። ሁለት የኮብልስቶን ልጆች ተመርጠዋል፤ አንዱ ግን ሥራ አግኝቶ ወደ ባሕር ዳር ተመልሷል።

የምሥራቁ ጎን አሁንም የእሾህ አጥር ነው። በመጪው ጥር ሊካብ ታስቦ ነበር። እዚያ ያሉት ማሳዎች ግን ድንጋያቸውን ለግንባታ ነጋዴ ሸጠው ጨርሰዋል፤ አይሱዙ መጥቶ እየጫነ ወስዶታል። ድንጋይ ዋጋ እንዳለው ያወቀ ገበሬ በነጻ ስጥ ሲባል ያስባል፤ አይፈረድበትም። አንዳንዶቹ ከሌላ ጎጥ በአህያ ይምጣ ይላሉ። ቄሰ ገበዙ ልጆቹ የላኩት ገንዘብ ተርፏልና በዚያ ድንጋይ ይገዛ ይላሉ። አያ ደግሞ አሮጌው የምዕራብ ካብ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ስለሆነ ተፈትቶ ቢካብ ለምሥራቁ ሃያ ሜትር የሚሆን ይተርፋል ባይ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የቆመውን አትንኩት ብያቸዋለሁ። ውሳኔው ለኅዳር ስብሰባ ተቀጥሯል።